ከሾላ እስከ ቆቦ፦ የወተት ፋብሪካ በላም ብዛት አይኖርም

«የሌማት ትሩፋት» ኅዳር 2015 አርባ ምንጭ ላይ ይፋ ከተደረገ ወዲህ ወተት የስብሰባ ቃል ሆኗል። ከወረዳ እስከ ክልል ሪፖርቱ በሊትር ይነገራል። ወሬው ሰሜን ወሎ፣ ራያ ቆላ ሲደርስ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይከተለዋል፦ ይህን ያህል ከብት ባለበት አገር የወተት ማቀነባበሪያ የማይተከለው ለምንድን ነው? ጥያቄው ቁጭት አለበት። ቁጭቱም ያለምክንያት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ግን ወይ «በጀት የለም» ነው፣ ወይ «ባለሀብት አልመጣም»። ሁለቱም ከዋናው ነገር ዙሪያ የሚዞሩ መልሶች ናቸው።

ቆቦ ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ አላማጣና መቀሌ በሚያልፈው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። ከፍታዋ 1,500 ሜትር አይሞላም። በምሥራቅ የዞብል ተራራ አለ፣ ከተራራው ማዶ አፋር ነው። ሜዳው የማሽላና የጤፍ ነው። ከብቱ በቀንዱ ግዝፈት የሚታወቀው የራያ ዝርያ ሲሆን፣ ስሙ የወጣው ግን ከላሙ ይልቅ በበሬው ነው። ሣር ሲደርቅ መንጋው ወደ አፋር በኩል ይነዳል፤ ዝናብ ሲጥል ይመለሳል። በከተማዋ ሱቆች የሚሸጠው የታሸገ ወተት ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከአዲስ አበባ ዙሪያ የሚመጣ ነው። ከሱቁ ወጥቶ ወደ ገበያው ለሄደ ሰው ከገጠር የመጡ ሴቶች ለጋ ቅቤ ዘርግተው ይሸጣሉ። ካርቶኑና ቅቤው እንዴት እንደተለያዩ ለማወቅ ታሪኩን ከሾላ መጀመር ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ «እ.ኤ.አ.» ያልተባለ ዓመት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ወተት መነሻው እርዳታ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ አንራ የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና መልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ የወተት ከብቶች ለአገሪቱ ሰጠ። ከብቶቹ ወደ ራያም ወደ ቦረናም አልሄዱም። አዲስ አበባ አካባቢ ቀሩ፤ ምክንያቱም ወተት በገንዘብ የሚገዛ ሰው የነበረው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በዩኒሴፍ ድጋፍ ሾላ ላይ አነስተኛ የወተት ማቀነባበሪያ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1966 የአዲስ አበባ የወተት ኢንዱስትሪ ሆኖ ተደራጀ። እ.ኤ.አ. በ1971 የወተት ልማት ድርጅት ተቋቋመ፣ የዓለም ባንክም ብድር ይዞ ገባ።

ፋብሪካው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማንን እየጠባ እንደኖረ መጠየቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1972 መጨረሻ ሾላ በቀን ወደ 21,000 ሊትር ወተት ይረከብ ነበር። ከዚህ ውስጥ 57 በመቶው የመጣው ከ65 ትልልቅ እርሻዎች ነው። ይህ ቁጥር ትልቅ ትምህርት አለው። የወተት ማሽን ወጪው በአብዛኛው ቋሚ ነው። ቦይለሩ ለአንድ ሺህ ሊትርም ለአሥር ሺህ ሊትርም ይሞቃል። ማቀዝቀዣው ቀንና ሌሊት ይሠራል። የላቦራቶሪው ባለሙያ፣ መካኒኩና ዘበኛው ደመወዛቸውን ይቆጥራሉ። ማሽኑ ግማሽ ሆዱን ከዋለ ያ ወጪ ሁሉ በግማሹ ሊትር ላይ ይጫናል። ስለዚህ ፋብሪካ የሚወደው ላም የሞላበትን አገር ሳይሆን በየቀኑ ጠዋት ሳይቀር፣ ብዙ ሊትር በአንድ በር የሚያስረክብ ሰው ነው። 65ቱ እርሻዎች ለሾላ ይህን አደረጉለት።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 መጣ። የገጠር መሬት አዋጅ ትልልቅ እርሻዎችን ወረሰ። እ.ኤ.አ. በ1979 የተወረሱት የወተት እርሻዎች፣ የአዲስ አበባው ፋብሪካና የልማት ድርጅቱ ተጠቃለው የወተት ልማት ድርጅት የሚባል አንድ የመንግሥት ድርጅት ወጣቸው። ማሽኑ በቀን 60,000 ሊትር የማቀነባበር አቅም ተሰጠው። ችግሩ አቅም የሚለካው በማሽን፣ ወተት የሚመጣው ግን ከጡት መሆኑ ነው። ዋጋው በመንግሥት የተወሰነ ስለነበር፣ ገዢ በአቅራቢያው ያለው ገበሬ ለፋብሪካው ከማስረከብ ለጎረቤት መሸጥ ይቀለው ነበር። ክፍተቱን የሞላው ከዓለም የምግብ ፕሮግራምና ከሌሎች ለጋሾች የመጣ የዱቄት ወተት ነው። በ1970ዎቹ አዲስ አበቤ ተሰልፎ ከገዛው ወተት ጥቂት የማይባለው በአውሮፓ ላም ታልቦ፣ ደርቆ፣ በመርከብ መጥቶ ሾላ ላይ በውሃ የተበጠበጠ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ህንድ ማንሳት ግድ ነው። ህንድም በተመሳሳይ ዘመን የአውሮፓን የዱቄት ወተትና የቅቤ ዘይት በእርዳታ ተቀብላለች። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጀመረው «ኦፕሬሽን ፍለድ» ግን ዱቄቱን አልበላውም፤ ሸጠው። የሸጠበትን ገንዘብ የገበሬ ማኅበራትን ለማደራጀት፣ ማቀዝቀዣና ማጓጓዣ ለመግዛት አዋለው። መሪው ቨርጊስ ኩሪየን ከዚያ በፊት አናንድ በምትባል ከተማ፣ ከአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጋር ለዓመታት ሲሠራ የቆየ ሰው ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1955 የጎሽ ወተት ወደ ዱቄት የሚቀይር ማሽን ተክሎ ነበር። ለምን? ወተት በሚትረፈረፍበት ወራት ገበሬውን «ዛሬ አንቀበልም» ላለማለት። በእኛ አገር ያው ዱቄት ማሽን መሙያ ሆኖ አለፈ። እርዳታው ሲቀንስ ከኋላው የቀረ የገበሬ ድርጅት እምብዛም አልነበረም።

ራያ በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባው በሌላ በር ነው። ጥቅምት 1977 የቢቢሲ ካሜራ ከራያ ሜዳ በላይ ያለችውን ኮረምን ለዓለም ሲያሳይ፣ ከቆላው የወጡ ቤተሰቦች ከብታቸውን ቀብረው ነበር ወደዚያ የወጡት። በመጠለያዎች ለሕፃናት ከሚሰጠው ምግብ አንዱ ከዱቄት ወተት የሚዘጋጅ ነው። ለብዙ የራያ ልጅ የመጀመሪያው «የታሸገ ወተት» ይህ የእርዳታ ጆንያ ሳይሆን አይቀርም። ከመቶ ዓመት በፊትም በ1880 ጀምሮ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ወረርሽኝ በአገሪቱ ከነበረው ከብት አብዛኛውን ጨርሶ «ክፉ ቀን» የሚባለውን ዘመን አምጥቷል። እንዲህ ባለ ታሪክ ውስጥ ያለፈ ሰው ላሟን በሊትር አይለካትም። ወተቷ በየቀኑ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ላሟ ራሷ ግን ቁጠባው፣ ጥሎሹ፣ የመከራ ቀን መያዣው ናት። ከውጭ የመጣ ባለሙያ «ብዛት ቀንሱ፣ ምርታማ አንድ ላም ያዙ» ሲል ሒሳቡ ትክክል ነው። ድርቅ ሲመጣ ግን በፋጉሎና በፉርሽካ የምትኖረው የተዳቀለች ላም ቀድማ እንደምትወድቅ የራያ ገበሬ ያውቃል።

ከ1983 በኋላ ያለውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። የግል ፋብሪካዎች መጡ፤ ሰበታ ላይ የ«ማማ» ወተት፣ ቢሾፍቱ ላይ ሆላንድ ዴይሪ፣ ሌሎችም። ቢሾፍቱ ላይ የአድአ፣ ሰሜን ሸዋ ኦሮሚያ ውስጥ ደግሞ የሰላሌ ወተት አምራቾች ተደራጁ፤ ሰላሌ ላይ የፊንላንድ መንግሥት እርዳታ ትልቅ ድርሻ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2007 የመንግሥቱ ድርጅት ወደ ግል ዞሮ ላሜ ዴይሪ ተባለ፤ «ሾላ» የሚለው የወተቱ ስም ግን እስካሁን አለ። ስሙና ባለቤቱ ሲቀያየር አንድ ነገር አልተቀየረም፦ ካርታው። የመንግሥቱ ድርጅት ከነበሩት 25 የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያዎች 13ቱ ሰላሌ፣ 9ኙ ሆለታ ዙሪያ፣ 3ቱ ደብረ ብርሃን አካባቢ ነበሩ። ሁሉም ደጋ፣ ሁሉም አዲስ አበባን በግማሽ ቀን የሚደርሱባት ናቸው። የግሎቹም ከዚህ ክበብ ብዙ አልራቁም።

ይህ ክበብ አድልዎ ብቻ አይደለም። ወተት ከመቶው 87 እጁ ውሃ ነው። ወተት ማጓጓዝ ማለት በአብዛኛው ውሃ ማጓጓዝ ነው፤ ያውም ሰዓት እየቆጠረ የሚበላሽ ውሃ። ሰላሌ ላይ ማለዳ ብርዱ ራሱ ነፃ ማቀዝቀዣ ነው። ቆቦ ላይ በበልግ ማብቂያ ሙቀት ጠዋት የታለበ ወተት ካልቀዘቀዘ ከቀትር በፊት መኮምጠጥ ይጀምራል። ፋብሪካ በር ላይ ደግሞ የአልኮል ሙከራ አለ፤ የኮመጠጠ ወተት ሲነካው ይረጋል፣ ይመለሳል። የተመለሰ ወተት ኪሳራው የገበሬው ነው።

አሁን ሒሳቡን ቆቦ ላይ እናስቀምጠው። በቀን 5,000 ሊትር የሚቀበል፣ በዘርፉ ትንሽ የሚባል ፋብሪካ እናስብ። የአገራችን የሀገረሰብ ላም በአማካይ በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል የማይበልጥ፣ ያውም ለመንፈቅ ያህል ብቻ ትታለባለች። ጥጃውና ልጆቹ ጠጥተው ከአንድ ቤት አንድ ሊትር ቢተርፍ (ብዙ ነው)፣ ፋብሪካው በየማለዳው 5,000 ቤቶችን ማንኳኳት አለበት። ቤቶቹ ከሮቢት እስከ ጎብዬ፣ ከመንገድ ዳር እስከ ዞብል ግርጌ የተበተኑ ናቸው። መንጋው ወደ አፋር ሲሄድ ደግሞ ወተቱም አብሮ ይሄዳል። በቀን 8 ሊትር በምትሰጥ የተዳቀለች ላም ከሆነ 625 ላሞች ይበቃሉ፤ ነገር ግን የ625 ላሞች መኖ፣ የእንስሳት ሐኪም፣ የማዳቀል አገልግሎትና ውሃ ፋብሪካው ከመከፈቱ ዓመታት ቀድሞ መኖር አለበት። በየሪፖርቱ ፋብሪካው ቀድሞ ላሟ ኋላ የምትመጣው ለምን እንደሆነ አይገባም። ማሽን ሪባን ይቆረጥለታል፤ ለመኖ ማን ሪባን ይቆርጣል?

ጾሙም አለ። የኦርቶዶክስ ምእመን ረቡዕና ዓርብን፣ የሁዳዴን 55 ቀን፣ የነቢያትን፣ የሐዋርያትን፣ የፍልሰታን ሲደምር በዓመት ከ180 ቀን ያላነሰ ከወተት ይርቃል። ላሟ ግን አትጾምም። አዲስ አበባ ላይ ያሉት ፋብሪካዎች እንኳ በሁዳዴ ወተት አንቀበልም እያሉ ከገበሬ ጋር ሲጣሉ ኖረዋል። ራያ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሳይቀር የሚኖርበት አገር ስለሆነ ገበያው ጨርሶ አይዘጋም፤ ረመዳን ከሁዳዴ ጋር ሲገጥም የወተት ሻጭ ትንፋሽ ያገኛል። ግን የቆቦ ሙስሊም ብቻውን 5,000 ሊትር አይጠጣም።

ማሸጊያው ሌላ ነው። ግማሽ ሊትሯ የላስቲክ ወተት ርካሽ ማሸጊያ ናት፤ በቅዝቃዜ ግን ጥቂት ቀን ብቻ ትቆያለች፤ መብራት ሲጠፋ ባለሱቁ ይከስራል። ካርቶኑ ለወራት ያለ ፍሪጅ ይቆያል። ያ የሚሆነው ወተቱ ከ135 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ሴኮንድ ሞቆ፣ አየር በማይገባበት ማሽን፣ ወረቀት፣ ፕላስቲክና አሉሚኒየም በተደራረበበት ካርቶን ሲገባ ነው። ማሽኑም ካርቶኑም በዶላር ይገዛል። አንድ የራያ ሊትር ካርቶን ውስጥ ቢገባ ደንበኛው ከሚከፍለው ብር ገበሬዋ ጋ የሚደርሰው የቱ፣ ወደ ውጭ የሚመለሰው የቱ እንደሆነ ማንም በስብሰባ ላይ አይጠይቅም። ጣፋጭ ጥያቄ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን ጥናትም መርሳት አይገባም። ከአዲስ አበባ ዙሪያ በተወሰዱ 110 የጥሬ ወተት ናሙናዎች ሁሉ ላይ አፍላቶክሲን ተገኘ፤ ከአራት አንድ በላይ የሆነው ከ0.5 ማይክሮ ግራም በሊትር በላይ ነበር። ምንጩ ሻጋታ የያዘ መኖ፣ በተለይ የኑግ ፋጉሎ ነው። ወተት መቀቀል ይህን መርዝ አያጠፋውም፤ ማሸግም እንደዚያው። ወሬው ሲሰማ ሸማች ሸሸ፣ ገበሬ ወተት ደፋ። በማሽላ አገዳና በግጦሽ የምትኖረው የራያ ላም በዚህ ወሬ ውስጥ አልነበረችም። ድህነቷ አንዳንዴ ይጠብቃታል።

እንግዲህ ቆቦ ፋብሪካ የላትም የሚለው አባባል ራሱ መታየት አለበት። በእያንዳንዱ ጥገት ባላት ቤት አንድ ማቀነባበሪያ አለ፦ መናጫው ቅል። በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ጭሱ መልካም ሽታ ይሰጣል፣ ተሕዋስያንንም ያዳክማል። ወተቱ ለቀናት ይጠራቀማል፣ ይረጋል። ፋብሪካ የሚፈራው መኮምጠጥ እዚህ ጥበቃ ነው፤ እርሾው አሲድ ፈጥሮ መጥፎውን ተሕዋስ ያባርራል። ከዚያ ይናጣል። ከ16 እስከ 20 ሊትር ወተት አንድ ኪሎ ቅቤ ይወጣል። አሬራው ይቀራል፤ ልጆች ይጠጡታል፣ ወይም ይሞቅና ሁለት ኪሎ ገደማ አይብ ይሰጣል። አጓቱም አይደፋም።

በምጣኔ ሀብት ዓይን ሲታይ ይህ የረቀቀ ነገር ነው። 20 ሊትር ወተት ተሸክሞ ለሰዓታት መሄድ የማትችል ሴት አንድ ኪሎ ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ ትወጣለች። ውሃው ቤት ቀርቷል። ማሸጊያው ቅጠል ነው፤ ዶላር አይጠይቅም። ቅቤው ለሳምንታት ይቆያል፣ ከተነጠረ ለወራት፤ ሁዳዴን ተሻግሮ ለፋሲካ ገበያ ይደርሳል። ኩሪየን በዱቄት ማሽን የፈታውን የወቅት ችግር የራያ ሴት በቅል ፈታዋለች። ሁለቱን ሂሳብ ማወዳደር የሚፈልግ የቆቦ ሰው ዛሬ ያለውን ዋጋ ራሱ ያስገባ፦ በአንድ ወገን የ20 ሊትር ጥሬ ወተት፣ በሌላ ወገን አንድ ኪሎ ቅቤ፣ ሁለት ኪሎ አይብና ሕፃናቱ የጠጡት አሬራ። ፋብሪካው የሚከፍለው ዋጋ ከሁለተኛው ካልበለጠ ወተት አያገኝም። ሰው ስላልሠለጠነ ሳይሆን ስለሚያሰላ።

ገንዘቡ የማን እንደሆነም ማየት ያሻል። በራያ ገጠር ጥሬ ወተት መሸጥ ለረጅም ዘመን እንደ ነውር ሲታይ ኖሯል፤ ወተት ለእንግዳና ለጎረቤት የሚሰጥ ነው። ቅቤ ግን ይሸጣል፣ የቅቤ ብር ደግሞ የሴቷ ነው። ጨው፣ ቡና፣ የልጅ ደብተር ከዚያ ይወጣል። ወተቱ በየቀኑ ለማኅበር መግባት ሲጀምር ክፍያው በወር አንዴ፣ በባንክ ደብተር ይሆናል፤ ደብተሩ በማን ስም እንደሚከፈት መገመት አያዳግትም። ነውሩ በከተሞች እየለቀቀ ነው፤ በካፌ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው ባለበት ወተት ሻጭ አይጠፋም። የሴቷ ሒሳብ ግን በየትኛውም የፋብሪካ አዋጭነት ጥናት ውስጥ ራሱን ችሎ ሲቀመጥ አይታይም፤ እንደ ዜሮ ይቆጠራል። ዜሮ አይደለም።

ሰላሙም ያው ነው። በ2013 ክረምት ቆቦ በጦርነቱ ተያዘች፤ ጳጉሜን ላይ በከተማዋና በዙሪያዋ ሲቪሎች መገደላቸው በአምነስቲ ሪፖርት ተመዝግቧል። ነሐሴ 2014 እንደገና ተያዘች። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገዱን እየዘጋ ይከፍታል። ስሚንቶ የጫነ መኪና ኬላ ላይ ሦስት ቀን ይቆማል፤ ወተት የጫነ መኪና ሦስት ሰዓት አይችልም። መብራት ለወራት በጠፋበት ዘመን የማቀዝቀዣ ታንክ የጄኔሬተር ጥገኛ ነው፣ ጄኔሬተሩም የጥቁር ገበያ ናፍጣ። ቅሉ በዚያ ሁሉ መሐል መናጡን አላቆመም፤ ላም በቀረችበት ቤት ማለት ነው።

ታዲያ ምንም አይሠራ ማለት አይደለም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ከጉድጓድ ውሃ እያወጣ ሜዳውን አጠጥቷል። ውሃው የሄደው በብዛት ለሽንኩርትና ለቲማቲም ነው፤ ሽንኩርት ዋጋው በወደቀ ዓመት ማሳ ላይ ሲበሰብስ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ከዚያ ውሃ ጥቂቱ ለአልፋልፋና ለመኖ ሣር ቢውል፣ ከከተማው ዳር ጥቂት መቶ የተዳቀሉ ላሞች ዓመቱን ሙሉ ይቆማሉ። ለነዚያ ላሞች ሕንጻ ያለው ፋብሪካ አያስፈልግም፤ ማቀዝቀዣ ታንክ፣ ወተቱን በ63 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት የሚያሞቅ ጋንና እርጎ ማርጊያ ይበቃል። ገዢው አዲስ አበባ አይደለም፤ ቆቦ፣ ወልድያና አላማጣ ያሉ ካፌዎች፣ ሆስፒታሎችና የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናቸው። ለገጠሩ ደግሞ መነካት ያለበት ሌላ ቦታ ነው፦ ቅቤው። ቅቤ በገበያ ላይ ከሌላ ስብ ጋር ተቀላቅሎ ሲሸጥ ንጹሑን ያመጣችው ሴት በዋጋ ትቀጣለች። ቅቤውን መርምሮ፣ አንጥሮ፣ በራያ ስም በጣሳ የሚያሽግ የሴቶች ማኅበር የሚያስፈልገው የማሽን ወጪ ከካርቶን ፋብሪካ ጋር አይወዳደርም። ጣሳው ኬላ ላይ ሦስት ቀን ቢቆምም አይበላሽም።

ሾላ በ1952 ሲከፈት ከበሩ ማዶ ወተት ፈላጊ ከተማ ነበረው፣ ከጀርባው ደግሞ 65 እርሻ ሊያገኝ ነበር። ለቆቦ ማሽን የሚያቅድ ሰው ከከተማዋ ወጥቶ ወደ ዞብል በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በገበያ ቀን ማለዳ፣ ለአንድ ሰዓት ቢቆም ጥናቱን በነፃ ያገኛል፦ ስንት ሴት ቅቤ ይዛ እንደምታልፍ፣ ስንት ሰዓት እንደተጓዘች፣ ስንቷ ወተት ይዛ እንደመጣች።